ሦስት ጊዜ ተደውሎ ያልተነሳው ቤት

ይህን የምጽፈው እንድትፈሩ ብዬ አይደለም። ተናድጄ ነው።

ሆኗል። በእኔው ላይ ነው የሆነው። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ፀሐይ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግታ። ጨለማ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ።

የምሠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የከተማ ቤቶችና የመሬት አጠቃቀም ጥናት ማዕከል ነው። ስሙ ከደመወዜ ይረዝማል። ሥራዬ ስልክ መደወል ነው። ስንት ሰው ይኖራል፣ ቤቱ ስንት ክፍል ነው፣ ግድግዳው ከምን ተሠራ... እየጠየቅኩ ቅጽ እሞላለሁ።

አንድ ቤት "ባዶ" ተብሎ የሚጻፈው በሦስት የተለያዩ ቀናት ተደውሎ ካልተነሳ ብቻ ነው። ደንቡን የጻፈው ዳይሬክተራችን ራሱ ነው። ባዶ የተባለ ቤት ደግሞ ይፈርሳል።

ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር ላይ ስንደርስ ግን ቸኮለ። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ አስደወለን።

ጠዋት ሥራ የወጣ ሰው ቤቱ ሆኖ ስልክ አያነሳም። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ላለማወቅ ግን ዶክትሬት ሳያስፈልግ አይቀርም።

እዚያ አክስቴ ትኖራለች። ያሳደገችኝ። ሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥባለች፤ ስልኳን ውሃ እንዳይነካባት ቤት ትታው ነው የምትወጣው።

ዳይሬክተሩን የሷን ቅጽ "ባዶ" ብዬ አልሞላም አልኩት። የጎረቤቶቿን ሞልቻለሁ... አልዋሽም። የሷን ግን አልሞላም አልኩ።

"ተይው፣ እኔ አየዋለሁ" አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ያ ማክሰኞ። ከምሳ ተመልሼ ፋይሏን ከፈትኩት።

ባዶ።

የሞላው ሠራተኛ ስም... የእኔ።

ከሥሩ አንድ መስመር ነበር። ቦታውን ማጽዳት የሚጀመርበት ቀን፦ ዛሬ ጠዋት።

ደወልኩ። ሁለቴ ጠርቶ ተነሳ።

"አቤት።"

አክስቴ ናት። ድምፅዋ ነው። ቤት ነሽ ወይ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ውጪ ውጪ... እያልኩ ለፈለፍኩ። ከኋላዋ ብዙ ሰው ይተነፍሳል። የሚያወራ የለም... ይተነፍሳሉ ብቻ።

"ይጠይቁኝ" አለች።

አክስቴ፣ "አንቺ ጉድ" ሳትል ጠርታኝ የማታውቀዋ፣ አንቱ አለችኝ።

"አክስትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ..."

"መጠይቁን ይጀምሩ። ሰዎቹ እየጠበቁ ነው።"

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ቅጹን ከፈትኩ።

"በቤቱ ስንት ሰው ይኖራል?"

ብቻዋን ነው የምትኖረው።

"አርባ አንድ።" ወደ ኋላ ዞር ብላ ከሰው ጋር ተንሾካሾከች። "አርባ ሁለት። አንዱ አሁን ገባ።"

"ስንት ክፍል ነው?"

"አንድ።"

"ወለሉ?"

"አፈር።"

"ግድግዳው?"

"አፈር።"

ጣሪያውን አልጠየቅኩም።

"እሱም አፈር ነው" አለች። "ይጻፉት።"

ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። ከማን ጋር ነው የምታወሪው አለኝ። ከባዶው ቤት ጋር ነው አልኩና ስልኩን ሰጠሁት።

ጆሮው ላይ ይዞ አዳመጠ። ፊቱ ላይ ያለው ደም ሁሉ ወረደ። ስልኩን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

ከዚያ ምን አለኝ መሰላችሁ?

"የመስመር ችግር ብለሽ ሙዪው" አለ በሹክሹክታ።

ያን ጊዜ ፍርሃቴ ሁሉ ለቀቀኝ። ንዴት ብቻ ቀረ። እያየኝ "ነዋሪ፦ አርባ ሁለት" ብዬ ሞላሁ። የሞላው ሠራተኛ በሚለው ላይም ስሜን ራሴ ጻፍኩና ወጣሁ።

ወንዙን ስሻገር አስር ሰዓት ሆኗል።

ሰፈር የለም። መሬቱ እንደተተኮሰ ጨርቅ ተለጥጧል። ዶዘሩ ቆሟል፣ ኦፕሬተሩ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሳልጠይቀው ወረቀት ዘረጋልኝ። ባዶ ነው ይላል። ግርጌው ላይ የእኔ ስም አለ።

ቀጭን ሴት፣ ነጠላ ጫማ ያደረገች፣ ስትወጣ አይተህ ነበር አልኩት።

"የወጣ ሰው የለም፣ እህቴ።"

አክስቴን ዛሬም እየፈለግኩ ነው። የምታጥብላቸው ሰዎች ያን ቀን አልመጣችም አሉኝ። ፖሊስ ደግሞ ባዶ ቤት ውስጥ ሰው አይጠፋም አለኝ፤ ማስረጃው የእኔው ወረቀት ነው።

ያን ዕለት እዚያው ሜዳ ላይ ኦፕሬተሩን ሥራውን ለምን አቆምክ ብዬ ጠየቅኩት። በአገጩ ወደ ሜዳው አሳየኝ።

ስንጥቅ የለውም። ቀዳዳ የለውም። ግን ቤት በነበረበት ቦታ ሁሉ፣ ከተደለደለው አፈር ላይ ቀጭን ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል...

የሚቃጠል ቤት ጭስ አይደለም። እሳት ላይ ድስት የጣደ ሰው ጭስ ነው።

ነፋሱ ዞረ። የሚቁላላ ሽንኩርት ሸተተኝ።