ከታች በኩል የሚቆርጠው ምሳር

እኔ ጂኒ ምናምን ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ሳዑዲ በረሃ ውስጥ ብቻዬን ግመል ስጠብቅ ከርሜ ከራሴ ጥላ በቀር የተከተለኝ ነገር የለም፣ ይህንንም የምነግርህ እመነኝ ብዬ ሳይሆን ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ስላለኝ ነው።

አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለው መሬታችን የታላቅ ወንድሜ የሰይድ እርሻ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ አገሬው ሸሸ፣ ሰይድ በሬዎቹን ላውጣ ብሎ ተመለሰ፣ ያው እንደተመለሰ ቀረ፣ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። እርሻውን የወፍ ቆሎና ክትክታ ቁጥቋጦ ዋጠው። እናቴ «ባለቤቱ ሳይመጣ ማንም አይነካውም» ብላ እምቢ አለች፣ እኔ ከሳዑዲ ስመለስ ቤቱ ውስጥ የሚበላ እህል አልነበረም። ስንት ለምኛት መሰለህ፣ በመጨረሻ «እሺ መንጥሩት፣ በማግስቱ ሰደቃውን እናወጣለታለን» አለች፣ ሞቱን ተቀበለች ማለት ነው። አለቀስኩ፣ ደግሞም ቀለለኝ፣ አልዋሽህም።

ደቦ ጠራን። ዱዓ ተደርጎ ከላይ በኩል ተሰልፈን ገባንበት። በእኛ ዘንድ ለደቦ አርፍዶ የመጣ ሰው ሰልፉን አያፈርስም፣ በታች በኩል ይጀምርና መሃል ላይ ይገናኛል፣ ስለዚህ ረፋዱ ላይ ከታች የምሳር ድምፅ ሲሰማ ማንም አልገረመው። ጎረቤታችን አያ እንድሪስ «እንቅልፋሙ፣ ማነህ? በርታ እንጂ» ብለው ቀለዱበት። ሁለት ምት፣ ዝም፣ ጉሮሮ መጥረግ፣ እንደገና ሁለት ምት።

ሰይድ ሲቆርጥ እንደዚያ ነበር። ግን ስንቱ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል ብዬ መቁረጤን ቀጠልኩ። እናቴ ምሳ ይዛ መጣች፣ ድምፁን ስትሰማ የምንጠጣውን የቀሪቦ ማሰሮ መሬት አስቀምጣ ደርቃ ቀረች። እኛ ልንበላ አቆምን፣ የታቹ አላቆመም።

«ሂድና ጥራው፣ ይብላ» አለችኝ፣ ድምጿ ተቀይሯል።

ቁጥቋጦውን ዞሬ በሐይቁ በኩል ወረድኩ፣ ልክ ስደርስ ምሳሩ ቆመ። ሰው የለም። ጭቃው ላይ ዱካ የለም፣ ወላሂ። ቁጥቋጦው ግን ከሥሩ ተቆርጧል፣ ጉቶው ገና እርጥብ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳየው ቁርጡ ሁሉ ያጋደለው ከእኛ በተቃራኒ ነው፣ ግራኝ ሲቆርጥ እንደሚያጋድለው። በመንደሩ ግራኝ ሰይድ ብቻ ነበር።

ተመልሼ «ማንም የለም» ስላት ፊቴን አየችና ራሷ ወረደች፣ ጉቶዎቹን በመዳፏ ዳሰሰች።

«ሰደቃው ይቅር፣ እናንተም አቁሙ» አለች።

«ኧረ እህቴ፣ መሬቱ ሳይታረስ ክረምቱ ሊገባ አይደል?» አሏት አያ እንድሪስ።

«የጀመረው ይጨርሰዋል» ብላ ምሳሩን ከእጄ ወሰደች።

የመነጠርነውን አርሰን ጤፍ ዘራንበት፣ የቀረው እንደ አጥር መሃል ላይ ቆሟል፣ ማንም አይነካውም። ግን ከታች በኩል እየሳሳ ነው፣ ሰሞኑን ከደጃችን ሆኜ ሳይ በቅርንጫፎቹ መሃል ሐይቁ ይታየኛል። እናቴ በሩን መዝጋት ትታለች፣ «ሊደርስ ነው» ትላለች። የሚደርሰው ወንድሜ ከሆነ እሰየው። እሷ ያየችው ጉቶውን ብቻ ነው፣ ጭቃው ላይ ዱካ እንዳልነበረ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።