የማን አስታማሚ ናት?

ጠዋት ጠዋት ሲስተር ወይንሸት የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ስትገባ፣ የክትትሉ ክፍል ሴቶች ማንም ሳያዛቸው ክንዳቸውን ከብርድ ልብስ ውስጥ ያወጣሉ። ሁሉም እርግዝናችሁ ያሰጋል ተብለው ከየወረዳው በአምቡላንስ የመጡ ናቸው፤ አንዷ ግፊት፣ አንዷ ስኳር፣ አንዷ መንታ ይዛ፣ እስክትወልድ ድረስ እዚያው ትተኛለች። ከክንዱ ቀጥሎ ሆድ ይገለጣል፤ የልጁ የልብ ምት በመሣሪያ ይደመጣል። በየአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፈው ያደሩት አስታማሚዎች ያ ቱክ ቱክ የሚል ድምፅ እስኪሰማ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ፣ ሲሰማም «ጌታዬ ተመስገን» ብለው ሻይ ሊያመጡ ይነሳሉ።

ዘርፌ ግን ተመስገን የሚለው ቃል እንዲህ በዋዛ ከአፏ አይወጣም። ሦስት ልጅ ቀብራለች፤ ሦስቱም ሳያለቅሱ የተወለዱ። ይሄኛው የመጨረሻዋ ነው፤ ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ማህፀንሽ አይችልም ብሏታል። ድሮም ቁጣዋ አፍንጫዋ ላይ ነው፣ አሁን ደግሞ ባሰባት፤ ግፊትሽ እንዲወርድ አትናደጂ ሲሏት በዚያው ትናደዳለች። የሚያንጠባጥበው ጣራ ያናድዳታል። እያየ የማያያት ዶክተር ያናድዳታል። ባሏ ማንደፍሮ በስልክ «አይዞሽ፣ ሴት ልጅ እኮ ሁሉን ትችላለች» ያላት ነገርማ እስካሁን ያንገበግባታል። እስቲ እሱ ይቻለው!

አንድ ደግ ነገር ግን አድርጎላታል። «አክስቴን እትዬ በለጡን እልክልሻለሁ» ብሏት ስልኩን ዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ በዝናቡ ምክንያት ኔትወርክ የለም። በማግሥቱ ዘርፌ ከእንቅልፏ ስትነቃ አይታት የማታውቅ ደልደል ያለች ሴት ራስጌዋ ተቀምጣ አገኘች።

«እትዬ በለጡ ነዎት?»

ሴትዮዋ ሳቀች። «ታዲያ ማን ልሁን?» አለችና ትራሷን አስተካከለችላት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አልተለየቻትም። ፀጉሯን ትሠራላታለች፣ እግሯን ታጥባታለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሆዷን በለጋ ቅቤ እያሸች ጆሮዋን እላዩ ላይ ለጥፋ ወሬ እንደሚነገረው ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ታዳምጣለች። እጇ ይቀዘቅዛል፣ ደጅ ካለው ቧንቧ እየታጠበች ስለምትመጣ ይሆናል። ነጠላዋም እርጥብ አፈር አፈር ይላል፤ በዚህ ክረምት ግን እርጥብ እርጥብ የማይሸት ማን አለ? ዘርፌ እንኳን ልትቆጣት፣ ከእናቷ ሞት ወዲህ እንዲህ የዳበሳት ሰው ስላልነበረ ሆዷ ይባባል።

ዘርፌን እንቅልፍ የነሳቻት ሌላዋ ናት። የክፍሉ በር መድረክ ላይ አንዲት ጥቁር የለበሰች ከሲታ አሮጊት ትውላለች። ወደ ውስጥ ዘልቃ ከማንም አልጋ አጠገብ አትቀመጥም። ከንፈሯ ሳያርፍ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኗም ከዘርፌ አልጋ ተነቅሎ አያውቅም። ማን እንደሆነች ዘርፌ አታውቅም፤ በአጠገቧ ለተኙት ሴቶችም የሌላዋ ዘመድ ትመስላቸዋለች። በዚህ ክፍል ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ውሃ ያቀበለሽን ሰው የማን ነህ ማለት ነውር ነው።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ጠቆረና መብራት ጠፋ። ክፍሉ ውስጥ የአልኮል፣ የላብና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ታፍኗል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሰው የሚለውን አያሰማም። በዚያ ድቅድቅ መሐል ዘርፌ አንድ ድምፅ ሰማች። እሹሩሩ የሚመስል፣ ግን ቃል የሌለው፣ ከጉሮሮ ሥር የሚጎተት እንጉርጉሮ ነበር፤ የሚመጣውም ከሰው አፍ ከፍታ ሳይሆን ዝቅ ካለ ቦታ፣ ከአልጋዎቹ ወገብ አካባቢ ነው።

«ማነው የሚያንጎራጉረው?» ብላ ጮኸች።

ድምፁ ቀጥ አለ። እናቷ መድኃኒት ልትገዛ የወጣችባት የጎረቤቷ የፋንታነሽ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ፤ ወዲያው እትዬ በለጡ የጣቷን ቅቤ በነጠላዋ እየጠረገች በጨለማው መጣች።

«ያቺም ልጅ ሆዴን ቆረጠኝ ብላኝ ነው። ተኚ፣ የኔ ልጅ» አለች።

በማግሥቱ የሲስተር ወይንሸት መሣሪያ ፋንታነሽ ሆድ ላይ ወዲህ ሄደ፣ ወዲያ ሄደ፤ «ሽሽ» ከሚል ድምፅ በቀር የሚሰማ ጠፋ። ዶክተሩ ተጠራ፣ መጋረጃ ተጋረደ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የፋንታነሽ ጩኸት ክፍሉን ሰነጠቀው። ዘርፌ ዞር ብላ በሩን ስታይ አሮጊቷ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ አሁንም እሷኑ እያየች ነው። ያኔ ዘርፌን እሳት በላት።

«ሲስተር፣ ያቺ ሴትዮ የማን አስታማሚ ናት?»

«እኔ እናንተን ላክም ወይስ አስታማሚ ልጠብቅ?» አለች ሲስተር ወይንሸት፣ ዓይኗ ቀልቶ።

ሳይውል ሳያድር መንታ የያዘችው ሴት ተራ ሆነ። ከሁለቱ ልቦች አንዱ ብቻ ተሰማ። ሴቶቹ ማልቀስ እንኳ ፈሩ፤ ሁሉም ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ዘርፌ ግን ዝም ማለት ከየት ታምጣ! ልጄን አልሰጥም ብላ ከአልጋዋ በባዶ እግሯ ወረደች።

«አንቺ ሴትዮ! ምን አድርጊ ብለን ነው ዓይንሽን የተከልሽብን? ዓይንሽ ይፍሰስ! ዘበኛ! ጋሽ ተሰማ!»

ዘበኛው ጋሽ ተሰማ ዱላውን ይዞ ሲመጣ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ አፍ ጮኹበት። ግራ ገባውና አስታማሚ ሁሉ ከበሽተኛው አጠገብ ይቁም አለ። ዘርፌ ማንም ሳይጠይቃት የእትዬ በለጡን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ይቺ የኔ ናት! የባሌ አክስት ናት!»

ሁሉም በየአልጋው ቆመ፤ አሮጊቷ ብቻ በሩ ላይ ቀረች።

«ልጄን አልትራሳውንድ ወስደዋት ነው» አለች።

«ስትመለስ ታስጠራሻለች» አላት ጋሽ ተሰማ፣ ክንዷን ይዞ።

አሮጊቷ ስለ ራሷ መከራከሩን ትታ በጣቷ ወደ ዘርፌ አልጋ እየጠቆመች «እሷን ጠይቋት! ያቺን!» እያለች ተጎተተች።

«አያችሁ? አሁንም በኔ ላይ!» አለች ዘርፌ።

በሩ ተዘጋ። ከውጭ ለጥቂት ጊዜ የአሮጊቷ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ዝናቡ ዋጠው። ዘርፌ እፎይ ብላ ጋደም አለች። ልጁ ሽቅብ ይራገጣል፤ ዛሬስ በርትቷል። እትዬ በለጡ የዘርፌን ልብስ ገልጣ ሆዷን በቅቤ ታሸው ጀመር።

«ደግ አደረግሽ። ሰው እንዲህ ሲቆጣ ደስ ይለኛል» አለቻት በጆሮዋ።

ብዙም ሳይቆይ የማዕዘኗ አልጋ ሴት ሙሉእመቤት በተሽከርካሪ ወንበር ተመለሰች። ዙሪያዋን ቃኘች።

«እናቴስ?»

ሁሉም አቀረቀሩ። ዘርፌ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ጥፋት ሲሰማትም የምትቆጣ ሴት ናት።

«እናትሽ ከሆነች ታዲያ ለምን አንቺን ትታ እኔ ላይ ታፈጣለች?»

ሙሉእመቤት እንባዋ ቀደማት። «አዝናልሽ ነዋ! ግቢና አጠገቤ ተቀመጪ ብላት፣ ‹ያቺን ልጅ ዘመዶቿ ሳይደርሱላት ከዓይኔ አላጠፋትም› ትለኛለች። ውዳሴ ማርያም የምትደግመው ላንቺ ነበር።»

«ዘመዴማ ይኸው አጠገቤ!» አለች ዘርፌ። «ምን ሆና ነው? ዓይኗ አያይም?»

ወዲያው በሩ ተከፈተ። ጋሽ ተሰማ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የለበሰች፣ ዝናብ የደበደባት፣ በፌስታል የተጠቀለለ ስንቅ ያቀፈች ሴት አስከትሎ ገባ። ሴትዮዋ ዓይኗን በየአልጋው ላይ አንከራተተች።

«የማንደፍሮ ሚስት፣ ዘርፌ የትኛዋ ናት?» አለች፣ እየተንቀጠቀጠች። «እኔ በለጡ ነኝ። ወንዙ ሞልቶ ማዶ አግቶኝ፣ ልጄን ብቻዋን ጣልኳት እኮ!»

ያን ሁሉ ዘመን ቃል አጥታ የማታውቀው ዘርፌ ለመጮህ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣላትም፤ ያ ቀዝቃዛ እጅ ሆዷን በዝግታ ማሸቱን ቀጥሏል፣ ከሥሩ ሲራገጥ የነበረው ልጅ ግን ጸጥ ብሏል።