በማሰሮ የከረመ ፖም

ፖሙ ከዓሪፍ ጫማ አንድ ስንዝር ርቆ አስፋልቱ ላይ ጓ አለ። ዓሪፍ ደንግጦ ቀና ሲል አንዲት ልጅ የራሱ የጭነት አይሱዙ ላይ ወጥታ በሽንኩርት ጆንያዎቹ አናት ቆማለች። በእጇ ሌላ ፖም ይዛለች።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው መኪና ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ፖም እየጣልኩ ነው» አለች፤ ምንም እንዳላጠፋ ሰው።

«በእኛ አገር የሚወረወረው ሎሚ መስሎኝ።»

«አንተን ፈልጌ ቢሆን ኖሮ አልስትህም ነበር።»

ዓሪፍ የመርሳን ሽንኩርትና ብርቱካን እየጫነ ወልድያ ሱቁ ወስዶ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ገበሬውንም ደላላውንም በአፉ ይረታል። የዚያን ቀን ግን እሱ ተረታ። ልጅቱ ጆንያዎቹን እየተመረኮዘች ወረደች። የወደቀውን ፖም አነሣችና አቧራውን በሂጃቧ ጫፍ ጠርጋ የተመታበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው።

«አየህ፣ አልፈነዳም። ፖም ጭነህ ታውቃለህ?»

«አንዴ ጭኜ ነበር። ወልድያ ሳልደርስ ግማሹ ጠቆረ። የቀረውም በሳምንቱ አፍ ውስጥ ዱቄት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ምዬ ትቻለሁ።»

«ይኼኛው ዱቄት አይሆንም» አለች። የተናገረችበት ልበ ሙሉነት ዓሪፍን የሽንኩርቱን ዋጋ አስረሳው።

ስሟ ኢሕሳን ነው። መርሳ ከሚገኘው ችግኝ ጣቢያ ትሠራለች፤ ቤተሰቦቿ ግን ከውርጌሳ በላይ፣ ደጋው ላይ ናቸው። በአባቷ እርከን ላይ ሁለት የፖም ዛፎች ነበሩ። የአንደኛው ፍሬ ይጣፍጣል፣ ግን ሳምንት አይቆይም። የሌላው ድንጋይ ነው፣ ከርሞም አይበላሽም፣ ግን ኮምጣጣነቱ ፍየል ያባርራል። ኢሕሳን ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች ለእረፍት በመጣች ቁጥር የአንዱን አበባ ብናኝ በዶሮ ላባ እየጠረገች ለሌላው አበባ ታለብሰው ነበር። ከዚያ የተገኘውን ዘር ዘራችው። ጦርነቱ መጥቶ ሄደ፣ ችግኞቹ ቀሩ። ሲያፈሩ አብዛኞቹ የማይረቡ ሆኑ። አንዲት ዛፍ ብቻ የሁለቱን ደግ ደጉን ይዛ ወጣች።

«አባቴ ግን ታክቶታል» አለችው። «እስከ ጥር ልይ፣ ከዚያ በመጥረቢያ ነው፣ ባሕር ዛፍ እተክልበታለሁ ብሏል። ጥር ላይ ከክልል ባለሙያዎች ይመጣሉ። አሁን ሰኔ ላይ ለቅሜ ቤት ጭድ ውስጥ ያስቀመጥኩት እስከዚያ ሳይበላሽ ከቆየ ቅርንጫፏን ወስደው ያባዙልኛል። ካልቆየ...»

ከዘንቢሏ አንድ ፖም መርጣ ሰጠችው።

«እንካ። ብላውና በሚቀጥለው ሳምንት እውነቱን ንገረኝ። እውነቱን ግን።»

እስቲ እናንተው ፍረዱ። እንዲህ ያለች ልጅ በእጇ የሰጠችውን ፖም ማን ገምጦ የቀረውን በመስኮት ይወረውራል? ዓሪፍ መንገዱን ሁሉ ጭኑ ላይ ይዞት ገባ። ወልድያ እንደደረሰ የእናቱን አሮጌ ማሰሮ ፈልጎ የጤፍ ጭድ ሞላበትና ፖሙን መሀሉ ቀብሮ ሱቁ ጓዳ፣ በሽንኩርት ጆንያዎቹ መካከል አስቀመጠው። ሲበሰብስ እጥለዋለሁ ብሎ ነበር። ከጁምዓ ሶላት መልስ ክዳኑን ከፍቶ ያየዋል፣ አገላብጦ ይመልሰዋል። ፖሙ ግን አልበሰብስ አለ።

በሳምንቱ መርሳ ሲደርስ ኢሕሳን ቆማ ጠበቀችው።

«በላኸው?»

«በላሁት» አለ። ማሰሮ ውስጥ ደብቄ እያየሁት ነው የሚል ወንድ የት አለ?

«እና?»

«እንደ ማር ነው! እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም።»

ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ጠፋ።

«እንደ ማር?»

«እንደ ማር።»

«እሺ። አላህ ይስጥልኝ» ብላ ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ሆነ። ዓሪፍ ሽንኩርት ይጭናል፣ በችግኝ ጣቢያው በር ያልፋል፣ «አሰላሙ አለይኩም» ይላል። «ወአለይኩሙ ሰላም» ትለዋለች፤ ሌላ የለም። ክረምቱ አለፈ፣ መስከረም ጠባ፣ ታኅሣሥ ገባ። ምን እንዳጠፋ ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለት አለ። ዘንቢሏን አንጠልጥላ ስትሄድ ከኋላዋ ማየት ብቻ ሥራው ሆነ፤ የሆዱን በሆዱ ይዞ ከሳ።

መክሳቱን መጀመሪያ ያዩት ሐጅ አብዱልሐሊም ናቸው። የሟች አባቱ ወዳጅ ናቸው፤ ከሱቁ ፊት ለፊት ጨርቅ ይሸጣሉ።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

ዓሪፍ ከማሰሮው በስተቀር ሁሉን ነገራቸው። ሐጅ ጢማቸውን ዳበሱና፦

«ልጄ፣ ሴት ልጅ ዝም ስትል ወይ ሽማግሌ ትጠብቃለች፣ ወይ ረስታሃለች። ሄደን ካልጠየቅን በምን እንለየዋለን?» አሉት።

«ብትቆጣስ?»

«አብሽር። ሽማግሌን የሚቆጣ ቤት ሐብሩ ወረዳ ውስጥ የለም።»

ሐጅ አራት ሽማግሌዎች አስከትለው በማግሥቱ ወደ ደጋው ወጡ። ዓሪፍ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ዋለ፤ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ሒሳብ እያሳሳተ። አመሻሹ ላይ ሐጅ አፋቸውን በጋቢ ጫፍ ይዘው ብቅ አሉ።

«ደግ ቤት ነው ማሻአላህ! አባቷ ሼህ ኡበይደላ ‹ልጅቱን ጠይቀን እንመልስላችኋለን› ብለውናል። እሷ ሥራ ላይ ነበረች። እኔ ግን አንድ ጥርሴን እዚያው ጥዬ መጣሁ።»

«በምን?»

«በፖም! ሲነቃነቅ የከረመው ጥርሴ ነው። ለእንግዳ የሚቀርብ ቢያጡ ከጭድ ውስጥ ፖም አውጥተው አቀረቡልን። ቅርጭ ሲል አጃኢብ ነው። ጣፋጭ! ባለቤታቸው ከድጃም እጀ ሰፊ ናት፤ የተረፈውን ለየቤታችን ቋጥራ ሰጠችን። የኔን ድርሻ የልጅ ልጆቼ መንገድ ላይ ተቀብለው ጨረሱት።»

ዓሪፍ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ከጭድ ውስጥ?» አለ። «ሁሉንም?»

«አንድም አልቀረ። ምነው?»

በማግሥቱ ጠዋት ዓሪፍ ችግኝ ጣቢያው በር ላይ ነበር። ኢሕሳን ስታየው የያዘችውን የውኃ ባልዲ አስቀመጠች። ስታለቅስ እንዳደረች ዓይኗ ይናገራል።

«ያቺ ዛፍ ሰኔ ላይ የምትሰጠው ፖም ምን ምን እንደሚል ታውቃለህ?» አለችው። «ሎሚ ነው። ቀምሶት ፊቱን ያላጨማደደ ሰው አላየሁም። የሚጣፍጠው ሲከርም ነው። አንተ ግን ‹እንደ ማር› አልከኝ። እውነቱን ንገረኝ ብዬህ፣ በመጀመሪያው ቀን ዋሸኸኝ።»

«ኢሕሳን፣ እኔ...»

«እሱንስ ቻልኩት። አሁን ደግሞ ሽማግሌዎችህ ልፋቴን በሉት። እናቴን ስጠይቃት ምን አለችኝ መሰለህ? ‹አንቺን ብሎ ከመጣ ሰው የሚበልጥ ለየትኛው እንግዳ ነው የምታስቀምጪው?› አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ? ባለሙያዎቹ ሲመጡ ምን ላሳያቸው ነው? የሐጅን ጥርስ?»

«አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«እስካሁን የነገርከኝ ይበቃኛል» ብላ ባልዲዋን አንሥታ ወደ ችግኞቹ ገባች።

ዓሪፍ ወልድያ ተመልሶ ማሰሮውን ከፈተ። ፖሙ አለ። አረንጓዴው ወደ ቢጫ አዘንብሏል፣ ጓዳውን የሽንኩርት ሽታ ባይሞላው መዓዛው ደጅ ድረስ ይወጣ ነበር። ውስጡስ? ከውጭ አምሮ ከውስጥ የሞተ ስንት ፍሬ አይቷል። ቢላ አነሣና መልሶ አስቀመጠ። ከቆረጠው የሚያሳየው የለውም። ሳይቆርጠው ይዞ ሄዶ ቢበሰብስ ደግሞ በአባቷ ፊት፣ በባለሙያዎቹ ፊት ሁለተኛ ያዋርዳታል። ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ልጅቱ ‹ዱቄት አይሆንም› ብላለች፤ እሱ ማን ነውና ይጠራጠራል?

ባለሙያዎቹ በመጡ ዕለት የሼህ ኡበይደላ እርከን ላይ ወሬው ሁሉ ቀዝቅዞ ነበር። የቡድኑ መሪ ወይዘሮ ፀዳለ ዛፏን ዞራ ዞራ አየች፣ ቅጠሏን ገለባበጠች፣ ወደደቻት። ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ኢሕሳን፣ አምንሻለሁ። ነገር ግን ጣፈጠ ስለተባለ ብቻ ቅርንጫፍ ወስጄ ላባዛ አልችልም። የከረመውን ፍሬ ማየት አለብኝ።»

ሼህ ኡበይደላ መሬት መሬት ያያሉ። ለእንግዳ ‹ቤት ያፈራውን አቅርቢ› ያሉት እሳቸው ናቸው።

«እንግዲህ ልጄ፣ ጥርም መጣ» አሉ ቀስ ብለው።

ኢሕሳን እጇን ግንዱ ላይ አሳረፈች። በዚህ መሀል ከታች በኩል አንድ ሰው ማሰሮ እንደ ሕፃን አቅፎ ሽቅብ ሲመጣ ታየ። ከኋላው ሐጅ አብዱልሐሊም በከዘራ እያለከለኩ ይከተሉታል።

ዓሪፍ ማሰሮውን ወይዘሮ ፀዳለ እግር ሥር አስቀመጠና ክዳኑን ከፈተ።

«ሰኔ ላይ ይህን ፖም ሰጥታኝ ነበር» አለ። «በላሁት ብዬ ዋሸኋት። አልበላሁትም።»

«ለምን አልበላኸውም?» አለች ወይዘሮ ፀዳለ።

አባት አለ፣ እናት አለች፣ ጎረቤት አለ። ዓሪፍ ሁሉንም አየና ዓይኑን ኢሕሳን ላይ አሳረፈ።

«ከእጇ ስለተቀበልኩት።»

ከድጃ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ኢሕሳን ከግንዱ ላይ እጇን አነሣች። ሐጅም በዚህ ጊዜ ደረሱ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል» አሉ። «እኔም ታኅሣሥ ላይ ለበላሁት እመሰክራለሁ። ማስረጃዬ ይኸው» ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ባለሙያዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ።

ወይዘሮ ፀዳለ ፖሙን አንሥታ በጣቷ ተጫነችው። «የት ነው የከረመው? ቀዝቃዛ ቤት?»

«ወልድያ፣ ሱቄ ጓዳ። በሽንኩርት መሀል።»

ቢላ አውጥታ ለኢሕሳን ሰጠቻት። ኢሕሳን ፖሙን መዳፏ ላይ አደረገች። የልፋቷ ዓመታት ሁሉ እዚያ መዳፍ ላይ ነበሩ። «ቢስሚላህ» አለችና ቢላውን ጫነችበት።

ቅርጭ አለ።

ውስጡ ነጭ ነበር፤ አንዲት ጥቁር ነጥብ የለበትም፤ ውኃው በቢላው ላይ ወረደ። ወይዘሮ ፀዳለ አንድ ቁራሽ አፏ ውስጥ ጨምራ ዓይኗን ጨፍና አኘከች።

«ቀዝቃዛ ቤት የከረመውን ብታሳዪኝ ኖሮ መልካም ነው ብዬ እሄድ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሱቅ ጓዳ ከርሞ እንዲህ የሚሰበር ፖም ግን አልቀመስኩም። አንድ ፍሬ አንድ ነው፤ ለከርሞ ብዙ አድርገሽ ታቆዪልኛለሽ። ቅርንጫፏን ግን ዛሬ ቆርጬ ነው የምሄደው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሼህ ኡበይደላ። «እኔም መጥረቢያዬን ለእንጨት ፈለጣ አውለዋለሁ።»

ፖሙ ለሁሉም በትንሽ በትንሹ ታደለ። ሐጅ ድርሻቸውን በጥርሳቸው ሳይሆን በድዳቸው ቀመሱ። የመጨረሻው ቁራሽ ኢሕሳን እጅ ላይ ቀረ። ወደ ዓሪፍ መጥታ ዘረጋችለት።

«አሁን ብላ» አለችው። «እውነቱን ንገረኝ።»

ዓሪፍ ቁራሿን ተቀበለ። ያን ሁሉ ወር በዓይኑ ብቻ የቀመሰውን ፖም ለመጀመሪያ ጊዜ አኘከው። አባቷ ያዩታል፣ ባለሙያዎቹ ያዩታል። ‹እንደ ማር› ቢል የሚቆጣው አልነበረም።

«ይጣፍጣል» አለ። ቀሪዋን ዋጣት። «ግን... ትንሽ ይኮመጥጣል።»

ኢሕሳን ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ መጣ።

«አዎ» አለች፣ «ትንሽ ይኮመጥጣል።»

ጉንጯን በሂጃቧ ጫፍ ጠረገችና ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ለሽማግሌዎቹ ‹ልጅቱን ጠይቀን እንመልስላችኋለን› ብለዋቸው ነበር አይደል?»

«ብያቸዋለሁ።»

ኢሕሳን ባዶውን ማሰሮ ከመሬት አንሥታ ለዓሪፍ አቀበለችው።

«ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላካቸው» አለችው። «ግን ጠግበው ይምጡ።»