የአባዬ አድራሻ

ኢንተርኔቱ ድርግም ሲል ልጅቷ የልምምድ ፈተናውን ገና ማጋመሷ ነበር። ዋናው ፈተና ነገ ከሰዓት፣ እዚሁ ቤት፣ በዚሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። የነጻ ትምህርት ዕድሉ አንዴ ካመለጠ አመለጠ፤ ተቋረጠብኝ ቢሉ የሚሰማ የለም።

ራውተሩን አጥፍታ አበራች፣ ገመዱን ነቅላ ሰካች። ወይ ፍንክች። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነው፤ ደህና ውሎ ውሎ ልክ እናቷ ከሥራ ስትገባ ይቆራረጣል። ትናንት እንደ ቀልድ፣ «እማዬ፣ አንቺን ሳይፈራ አይቀርም፤ ስትገቢ ይጠፋል» ብላት ነበር። እናቷ አልሳቀችም።

በስልኳ ወደ ራውተሩ ገጽ ገብታ የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር ከፈተች። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ አድራሻ፣ የራሱ ቁጥር አለው። ባለፈው ሳምንት የክፍሏ ልጅ፣ ሁሉም «ኢንጂነሩ» የሚሉት፣ «ቋሚ ይሁንልሽ ባክሽ፣ ይፈጥናል» ብሎ ኮምፒውተሯን አስር ቁጥር ላይ ተክሎላት ሄዷል። ዝርዝሩ ውስጥ ግን አስር ቁጥር ላይ ሌላ ስም ነበር፦ «አባዬ»።

አባቷ ከሞተ ስድስት ወሩ ነው። አስርን ለስልኩ ያስያዘው ራሱ ነበር፤ «አባወራ ቋሚ ቦታ ይኑረው እንጂ» እያለ ሲስቅ ታስታውሳለች። ስልኩን ደግሞ እናቷ ለአጎትሽ ሰጥቼዋለሁ ብላት ነበር። ለካ ስልኩ በበራ ቁጥር እሱና ኮምፒውተሯ አንድ አድራሻ ላይ ሲጋፉ ነው የከረሙት።

ቀስ ብላ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። እናቷ በሥራ ልብሷ ቁምሳጥኑን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ስልኳ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ወዲያው ቁምሳጥኑ ውስጥ፣ ከአባቷ ኮት ኪስ፣ የመልእክት ድምፅ ጢን አለ። አባቷ በሕይወት ሳለ እናቷ ቤት እንደደረሰች «ገባሁ» ብላ ሳትጽፍለት ቀርታ አታውቅም።

ልጅቷ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። «አባዬ» ከሚለው ስም አጠገብ «አግድ» የሚል ቁልፍ አለ፤ አንዴ መንካት ነው። ነገ ፈተናዋን ያለ ሐሳብ ትፈተናለች። ቁምሳጥኑም ዝም ይላል። ድምፅ እንዳይሰማባት እጅጌዋን ነክሳ አለቀሰች። ሲወጣላት የራሷን ኮምፒውተር ማስተካከያ ከፈተችና ራውተሩ ራሱ ያገኘውን ክፍት ቁጥር እንዲሰጣት አደረገች። ሃያ ሦስት ደረሳት።

በማግስቱ እናቷ የገባችው ፈተናው መሃል ላይ ነበር። ኢንተርኔቱ ንቅንቅ አላለም። ልጅቷ የመጨረሻውን መልስ ልካ ስልኳን አነሳችና ለአባቷ «ጨረስኩ» ብላ ጻፈች።

ቁምሳጥኑ ውስጥ ጢን አለ።

እናቷ ብዙ ቆይታ ከመኝታ ቤቱ ወጣች፤ በአንድ እጇ የአባቷን ስልክ፣ በሌላው ቻርጀሩን ይዛለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አውቀሻል ማለት ነው» አለች።

ልጅቷ ራውተሩ አጠገብ ካለው ሶኬት የራሷን ቻርጀር ነቀለችና ቦታውን ለቀቀች።