አራት ጣት እጥፋት

ልብስ ሰፊው ያለችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። እናቷ ገና በጨቅላነቷ ስለሞተች ከስፌት መኪናው ሥር አደገች፤ ሙያውንም ከአባቷ ቀሰመች። እሱ የልጅ ልብስ ሲሰፋ አንድ ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ያስቀራል። ልጁ ሲያድግ በዓመቱ ተተርትሮ ይለቀቃል።

ልጅቷ ከባዕድ አገር የመጣ በያጅ አገባች። አባት «መጤ ከምታገቢ አፈር ይብላሽ!» ብሎ በሩን ዘጋባት። ይህም አልበቃውም! ቤት ለቤት ዞሮ፣ ለመጤ ማንም ቤት እንዳያከራይ ጎረቤቱን ሁሉ አስፈረመ። ባልና ሚስት ሕፃናቸውን ታቅፈው ከከተማው ዳር ግድግዳው ውሃ የሚያዣ ምድር ቤት ገቡ። በሁለተኛው ክረምት ሚስትየዋን ሳል ጀመራት፤ አልለቀቃትም።

እውነቱን ለመናገር የአባት ሆድ አልጨከነም ነበር። «መጥታ ይቅርታ ትለኛለች» እያለ በር በሩን ያይ ነበር። አንድ ቀን ግን ከበሩ ላይ የቆመው በያጁ ነበር። ልብስ ሰፊው አፉን እንኳ ሳያስከፍተው «ለመጤ አልሰፋም!» ብሎ መለሰው። ምነው አንዴ ቢያስጨርሰው…

በዓመቱ በያጁ የአምስት ዓመት ሴት ልጁን ይዞ ተመልሶ መጣ። ትንሽ ካፖርት ከጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አጥሮባታል፣ አባባ። ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳይነካው ብላለች እናቷ።»

«እሷስ እጅ የላትም? ለምን ራሷ አትመጣም?»

በያጁ አቀረቀረ። «ያን ቀን የመጣሁት… አባቴን አምጣልኝ ብላኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዐረፈች።»

የልብስ ሰፊው እጅ እንደ ልማዱ ካፖርቱን ገለበጠ። የገዛ ልጁን ስፌት ዐወቀው። እጥፋቱን በጣቱ ለካ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አራት! እሱ ያስተማራት አንድ ጣት ነበር። ለከርሞ ሌላ የምትሰፋላት እናት እንደማትኖር ዐውቃ፣ የአራት ዓመት እድገት አጥፋላት ሄዳለች።

«ልጄን… በገዛ እጄ!» ብሎ ካፖርቱ ላይ ተደፋ።

«እኚህ ሰውዬ ለምን ያለቅሳሉ?» አለች ሕፃኗ።

«አያትሽ ናቸው» አላት አባቷ።

ልብስ ሰፊው እንባው እየወረደ አንድ ጣት ለቆ አለበሳት። ከዚያም በያጁን ቀና ብሎ አየው፤ ፊቱን በቅጡ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር።

«ከዚያ ምድር ቤት ውጡ፣ ልጄ። ከሱቁ በላይ ያለው ክፍል የእሷ ነበር።»

ጎረቤቶች ለቅሶ መጥተው «ዕድሏ ነው» አሉ። ዕድሏ ላይ የማን ፊርማ እንዳረፈ ግን አንድም ሰው አላነሳም። ልብስ ሰፊው ብቻ በየዓመቱ ካፖርቱን በገለበጠ ቁጥር ሲያስታውሰው ይኖራል። ገና ሦስት ጣት ይቀረዋል።