ከነፋሱ ማስታወቂያ ስር የምትታየው መስመር

እዚህ ቻናል ላይ የሚወጣውን ሁሉ አነባለሁ። አስተያየት ግን ጽፌ አላውቅም። ከመናገር መስማት ይቀናኛል።

ይህን ግን ሆዴ ውስጥ ይዤ መኖር አቃተኝ። የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው። ያመነ ይመን፣ ያላመነም እግዜር ከእንዲህ ያለው ይሰውረው።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፏል። ግን ጭጋጉ ሐይቁን ውጦት፣ ከመስኮቱ ማዶ ምንም አይታይም...

የምሠራው ጀልባ ጣቢያ ነው፤ ጽሑፍ ለስልኮች የሚያድለውን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን እጠብቃለሁ። ማንም አላስተማረኝም። እያበላሸሁ፣ እየጠገንኩ የለመድኩት ሥራ ነው።

ታናሽ እህቴ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ፣ ሬዲዮ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። የነፋሱን ወሬ ከማዶ ጣቢያ በሬዲዮ ትቀበልና ማስታወቂያ አድርጋ ትጽፈዋለች። እኔ ሰርቨሩ ላይ አወጣዋለሁ። ጀልባ ነጂዎቹ ውሃው ላይ ሆነው በስልካቸው ያነቡታል።

ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፣ ደረቅ ጽሑፍ ብቻ። የስልክ ድምፅ በጠፋበት ቦታ እንኳ ያቺ ጽሑፍ ሾልካ ትደርሳለች።

የእህቴም ባል ጀልባ ነጂ ነበር። ባለፈው ዓመት እንዲህ ባለ ጭጋግ ወጣና ቀረ። ጀልባውም አልተገኘ፣ እሱም አልተገኘ።

እህቴ ጥቁር አልለበሰችም። "ሬሳውን ሳላይ አልለብስም" ብላ ቀረች።

ያን ቀን ስልኬ ጮኸ። ጀልባ ነጂዎቹ "ጡሩምባ" የሚሉት ሰውዬ ነው። እሱ ሲያንሾካሹክ ማዶ ይሰማል።

"ጋሼ! ይሄ ማስታወቂያችሁ ምን ነካው? የኔ ስልክ 'ላውርደው ወይ?' ይለኛል፣ አውርደው ስለው አይከፍተው። የዚህ የጓደኛዬ ስልክ ላይ ደግሞ ፊደሉ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስል!"

"የማንም አልከፈተም?"

"የአንዱ ከፍቷል። እሱ ደግሞ ፊደል አልቆጠረ!" ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጠው። "ጋሼ... ነፋሱ እየተለወጠ ነው። ሁላችንም ደሴቲቱ ጥግ ቆመናል። በየት በኩል እንግባ?"

ልመልስለት ስል መስመሩ ተቋረጠ። ብደውል፣ ብደውል... የለም።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በዚያው ሳምንት ሰርቨሩን በአዲስ ተክተነዋል። ጣቢያችን ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የማስታወቂያውን ፋይል የሚያስቀምጠው በራሱ ቅጥያ ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ ነጥብ፣ ከነጥቡ ቀጥሎ "ነፋስ"። አዲሱ ሰርቨር ይህን ቅጥያ አያውቀውም። ስለማያውቀው ፋይሉን ሲልክ "ይህ ጽሑፍ ነው" ብሎ አይናገርም።

ያልተነገረው ብራውዘር፣ ስልኩ ላይ ገጹን የሚከፍተው ማለት ነው፣ ደግሞ ይገምታል። አንዱ ያወርደዋል፣ አንዱ ፊደሉን ያተራምሰዋል፣ አንዱ ደህና አድርጎ ይከፍተዋል።

የትኛው ምን እንደሚያሳይ ልይ ብዬ ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ወረድኩ። እዚያ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ።

እህቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ማስታወቂያው በዚያው ኮምፒውተር ፊቷ ተከፍቷል፣ ፊደሉም ደህና ነው።

"ነፋስ ከምዕራብ፣ እየበረታ ነው። ጀልባዎች በሙሉ በምሥራቅ በኩል ግቡ።"

ከሱ ስር ግን ሌላ መስመር ነበረች።

"አይነበብልኝም። ነፋሱ ከየት ነው?"

"ይህቺን አንቺ ነሽ የጻፍሻት?" አልኳት።

አልዞረችም። "ቀስ ብለህ አውራ..."

ወጥቼ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ዋናውን ፋይል ከፈትኩት። መስመሯ የለችም። ተመልሼ ወርጄ እዚያው አሮጌው ኮምፒውተር ላይ በሌላ ብራውዘር ሞከርኩ። የለችም።

በመጀመሪያው ብራውዘር፣ እህቴ በከፈተችው፣ ገጹን አደስኩት።

"ጭጋግ ነው። እጄም አይታየኝ። አይነበብልኝም።"

ተለውጣለች!

ወደ ላይ ወጣሁ። ወደ ሰርቨሩ መዝገብ ሄድኩ፤ ፋይሉን ማን እንደጠየቀ እዚያ ይታያል። ከጀልባ ነጂዎቹ ስልኮች መሃል አንድ ጠያቂ አለ... በየደቂቃው፣ ያለ ዕረፍት። አድራሻው የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።

አድራሻ የሌለው ጠያቂ አይኖርም። መልሱ ወዴት ይላካል?

ስዞር እህቴ ከኋላዬ ቆማለች። ደረጃውን ስትወጣ አልሰማኋትም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"ሰርቨሩን ከቀየርከው ወዲህ።"

"ማን መሰለሽ?"

"አንተም አውቀኸዋል።" እጄን ያዘች። "ብታስተካክለው ይጠፋል፣ አይደል?"

"ይጠፋል መሰለኝ።"

"እንግዲያው ተወው። ወንድምጋሼ... በእናታችን ይዤሃለሁ።"

"ልጆቹ ውሃ ላይ ናቸው፣ እቴ።"

"እሱስ?"

እጇን እጄ ላይ ጭናለች፤ በረዶ ነው። በልቤ ጸለይኩ። አልገፋኋትም፣ ጠበቅኳት።

መስኮቱ ተርገበገበ። ነፋሱ እየመጣ ነው።

"የነሱም ሚስቶች ቤት ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ" አለች፣ በሹክሹክታ። እጇን አነሳች።

የሰርቨሩን ማዋቀሪያ ከፍቼ ሁለት ነገር ጻፍኩ። "ነፋስ" የሚል ቅጥያ ያለው ሁሉ ደረቅ ጽሑፍ ነው። ፊደሉም በዩቲኤፍ ስምንት፣ አማርኛ በሚጻፍበት የፊደል ኮድ፣ ይነበብ። ሰርቨሩን እንደገና አስነሳሁት።

አብረን ወርደን ገጹን አደስነው። ማስታወቂያው ብቻ። ከስሩ ባዶ ነጭ።

እህቴ አላለቀሰችም። ነጩን በጣቷ ዳሰሰችው።

ስልኬ ጮኸ። "ተከፈተ ጋሼ! የሁላችንም ተከፈተ! በምሥራቅ በኩል ይላል፣ መጣን!"

ወደ ማቆሚያው ወረድን። ጀልባዎቹ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ጡሩምባ ከራስ ጸጉሩ ውሃ እየተንጠባጠበ የማቆሚያው ጣውላ ላይ ወጣ።

"ሁላችሁም ገባችሁ?"

"ሁላችንም። ከኋላ ያለችው ስትቀር።"

"የቷ?"

ወደ እህቴ ቃኘና ጆሮዬ ስር ገባ። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደሄደ...

"ማስታወቂያው የተከፈተልን ጊዜ ከደሴቲቱ ጀርባ ወጥታ ተከተለችን። ሞተር የላት፣ መብራት የላት። ብጠራት አትመልስ... ጋሼ፣ ዞር ብዬ አላየኋትም።"

ቀና ስል፣ ከጭጋጉ ውስጥ ገመድ ተወርውሮ ጣውላው ላይ ዷ አለ።

ማንም አልተነቃነቀም።

እህቴ ጎንበስ አለች። ገመዱን አንስታ ምሰሶው ላይ ጠመጠመችው፤ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ማታ ማታ ታደርግ እንደነበረው። ገመዱ ቀስ ብሎ ተወጠረ።

ጀልባ ነጂዎቹ ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔ ቀረሁ።

ወደ ማታ ጭጋጉ ተነሳ። ሐይቁ እስከ ደሴቲቱ ድረስ ጥርት ብሎ ታየ። ገመዱ ውሃው ላይ እንደተወጠረ ነው፤ ከማዕበሉ ጋር ከፍ፣ ዝቅ ይላል።

ጫፉ ላይ ምንም የለም።

እህቴ ጣውላው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ እጇ ገመዱ ላይ ነው።

ድንገት ገመዱ ላላ... ሰው ከጀልባ ሲወርድ እንደሚላላው።

ጣውላው ሲጥ አለ።

እህቴ ጠጋ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀች።