የፊት ኪስ ያለው ጋዋን

የቶርኖ ባለሙያው እንጨት ከሚቀርጽበት ማሽን ሥር ወድቆ ተገኘ። የለበሰው የሥራ ጋዋን ረጅም እጅጌ በዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎት ቀርቷል። ራሱ ከኋላ ተሰንጥቋል። ዘንጉ ላይ የታሰረው ወይራ ገና ግማሽ ጎኑ ብቻ ሳህን መስሏል።

የጣቢያው አዛዥ ነገሩን ለመቋጨት ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። «እጅጌው ያዘው፣ ጎተተው፣ ከብረቱ ጋር አላተመው። ጥፋተኛ ካለ ይህን የመሰለ ጋዋን የሰፋው ሰው ነው» አለ። ጋዋኑን የሰፋችው ደግሞ የሟቹ ታናሽ እህት ነበረች።

መርማሪዋ የተጠራችው በሦስተኛው ቀን ነው። ሃምሳን የተሻገረች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ መጠየቅ የማይሰለቻት ሴት ናት። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «እሜቴ ለምን» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ እንዲያውም ስሙን ሳትወደው አልቀረችም።

«ነገ ጠዋት ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይላካል» አላት አዛዡ። «ልብስ ሰፊዋ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ትጠየቃለች። ራሷም ብትሆን አምናለች።»

«ምን ብላ?»

«‹እኔ ነኝ የገደልኩት› ብላ።»

«እሱማ የእምነት ቃል አይደለም፤ ለቅሶ ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፣ አዛዥ» አለችና ፋይሉን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋን ቤቷ አገኘቻት። ዓይኗ አብጧል። ጭኗ ላይ አዲስ ጋዋን ዘርግታለች፤ ከአጠገቧ አንድ አዛውንት ተቀምጠው እጇን ይዘዋል። ሟቹን ሙያ ያስተማሩት፣ ወላጆቻቸው ሲሞቱም ወንድምና እህቱን ያሳደጉት እኚህ ሰው ናቸው። ሁሉም «አባባ» ይሏቸዋል።

«ጋዋኑን ማን መረጠው?» አለች መርማሪዋ።

«እሱ መቼ መረጠው! ሦስት ሰፍቼለት ነበር። የመጀመሪያውን ሲያይ ሳቀብኝ። ‹እህት ዓለም፣ ይሄ ለሠርግ ነው ለሥራ? እጅጌው ይጠመጠማል፤ የፊት ኪሱ ደግሞ የእንጨት ፍቅፋቂ እየሞላ ጆንያ ያስመስለኛል› አለኝ። ሁለተኛው ከኋላ በማሰሪያ የሚታሰር ነበር። የሚንጠለጠል ነገር አልፈልግም ብሎ እሱንም መለሰው። የወደደው ይሄን ነው።» ጭኗ ላይ ያለውን አነሳችው። እጅጌው በላስቲክ የተሰበሰበ፣ ዚፑ አንገት ድረስ የሚዘጋ፣ ኪሱም ከኋላ የሆነ ጋዋን ነው።

«ታዲያ ለምን አንቺ ዘንድ ቀረ?»

«ዚፑን አልጨረስኩትም ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት ላደርስለት ነበር።» ድምፅዋ ተሰበረ። «የመጀመሪያውን መወልወያ አድርገው ብዬ ወርክሾፑ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቅዬ ትቼው መጣሁ። እኔ ነኝ የገደልኩት!»

«እግዜር ያመጣው ነው፣ ልጄ። ራስሽን አትጉጂ» አሉ አባባ።

«እርስዎስ አባባ፣ የት ነበሩ?»

«ወርክሾፑ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ። ማሽኑ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ሁልጊዜ የሚጮህ ነገር ምኑ ይደንቃል?»

«ምን እየሠራ ነበር?»

«የወይራ ሳህን ነው ብሎኛል፣ ጠዋት።»

መርማሪዋ «ብሎኛል» የምትለዋን ቃል ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ከሥሯ አሰመረችባት።

ወርክሾፑ ውስጥ በሦስተኛውም ቀን ስስ የቫርኒሽ ሽታ አለ። የሟቹ ሚስት በሩን ከፈተች እንጂ አልገባችም። ከደጅ ሆና መለሰች።

«ያን ጠዋት ያለቁትን ሳህኖች ቫርኒሽ እቀባ ነበር። ሽታው ራሴን ሲያዞረኝ ሱቅ ድረስ ወጣሁ። ስመለስ ማሽኑ እየዞረ ነው፣ እሱ ደግሞ… ማሽኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ግድግዳው ሥር ያሉት ጆንያዎች የምን ናቸው?»

«የተጠረገ ፍቅፋቂ ነው። የወይራው ለብቻ፣ የቀዩ እንጨት ለብቻ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚቀመጡት?»

«አይ፣ የወይራው በግራ ነበር። ያን ጠዋት ለሳህኖቹ ቦታ ሳስለቅቅ አቀያየርኳቸው። ለምን ጠየቅሽኝ?»

መርማሪዋ ከሟቹ ላይ የወለቁትን ልብሶች ከፌስታል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሸሚዙን ገለበጠች፤ ከዚያ እጇን በጋዋኑ የፊት ኪስ ውስጥ ከተተች። ያወጣችውን መስኮቱ ዘንድ ወስዳ አየችው። ማን እንደሆነ አውቃለች፤ ባላወቅሁ ብላም ተመኝታለች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው። አዛዡ በሩ ላይ ቆመ። አባባ አግዳሚውን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ።

«ይህን ጋዋን ለብሶ አልሠራበትም» ብላ ጀመረች። «ሸሚዙን እዩት። ከጋዋኑ ሥር ሆኖ ኮሌታው በወይራ ፍቅፋቂ ተሞልቷል። ጋዋኑ ግን ከላይ ንጹሕ ነው። በሸሚዝ ሲሠራ ነው የሞተው። ጋዋኑን ሌላ ሰው አለበሰው፤ ማሽኑን አስነስቶም እጅጌውን አስነከሰው።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። «እጅጌው ሲጠመጠም ወንድምሽ ሞቷል። አንቺ አልገደልሽውም።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ማነው ታዲያ?» ጮኸች ሚስቲቱ።

«ሙያውን የሚያውቅ ሰው። ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው የፊት ኪሱ ባዶ አይሆንም። ይህን አዛዣችን እንኳ አላሰቡትም። ያ ሰው ግን አስቦ ኪሱ ውስጥ አንድ እፍኝ ጨምሮበታል። ከወለሉ እንዳያፍስ ፍቅፋቂውን ደም ይንካው አይንካው መለየት አልቻለም። ስለዚህ ከጆንያ ዘገነ። የዘገነው ግን ቀይ ነው፤ ማሽኑ ላይ ያለው ወይራ ደግሞ ቢጫ።»

«ተሳስቶ ይሆናላ!» አለ አዛዡ።

«ማን ይሳሳታል? ሚስቱ ጆንያዎቹን ያቀያየረቻቸው ራሷ ናት። እህቱ ክር ከክር ስትለይ የምትውል ሰው ናት።» ከሁለቱም ጆንያ ዘግና ወደ አዛውንቱ ሄደች፤ በሁለት መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። «አባባ፣ ወይራው የቱ ነው?»

አባባ ዓይናቸውን ወደ መዳፋቸው አላወረዱም። ሁለቱንም ተራ በተራ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«የቀኙ» አሉ።

«ልክ ነው። ለምን አሸተቱት?»

አዛውንቱ መዳፋቸውን እንደዘረጉ ቀሩ፤ ፍቅፋቂው በጣቶቻቸው መሃል ረገፈ።

«ያን ቀን ቫርኒሹ አፍንጫዎን ዘጋብዎት። እጅዎም እንደ ልማዱ ወደ ግራው ጆንያ ሄደ» አለች መርማሪዋ በዝግታ።

«ከዓይኔ ጭላንጭል ነው የቀረኝ» አሉ አባባ። «ሁለት ዓመት ደብቄ ይዣት ነበር። እሱ ግን ደረሰባት። ‹ከዛሬ ጀምሮ ማሽን አይንኩ አባባ፣ እኔ እጦርዎታለሁ› አለኝ። መሮ አያያዝ ያስተማርኩት ልጅ እኔን ቁጭ ብለህ ብላ አለኝ! ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነበር ያሰብኩት፤ ራሱ ከብረቱ ጋር ተላተመ። ከዚያ ወዲያ… ፈራሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ፊታቸው ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ «እርስዎ» ስትላቸው ኖራለች።

«ሦስት ቀን ሙሉ ‹እኔ ገደልኩት› እያልኩ ስጮህ እጄን ይዘህ ተቀምጠሃል» አለች።

«ፊትሽ አይታየኝም፣ ልጄ» አሉ እያለቀሱ። «ቢታየኝ ኖሮ እናገር ነበር።»

«ድምፄንስ አልሰማህም?»